ፓይለት ሰይድን ስንፈልግ

ባለፈው ሳምንት አንድ ቀን ጠዋት በረንዳዬ ላይ ተቀምጬ ሳለሁ ጎረቤቴ ሽንኩርቱን መድኃኒት ይረጭ ነበር። መርጫውን ጀርባው ላይ አዝሎ፣ አፍና አፍንጫውን በሻርፕ ጠቅልሎ በመደቦቹ መሀል ወዲህና ወዲያ ይላል። ነፋሱ ወደ እኔ ሲዞር ያ የሚሰነፍጥ ሽታ መጣ። ባለቤቴ አያሌው ከውስጥ ሆኖ "በሩን ዝጊው እንጂ ሒሩት፣ ልትታፈኚ ነው!" ብሎ ጮኸብኝ። እኔ ግን ከተቀመጥኩበት አልተነሣሁም። እኔ ያን ሽታ የማውቀው ሽንኩርት በቆቦ ሜዳ ላይ ከመብዛቱ በፊት፣ መድኃኒት ከሰማይ በሚረጭበት ዘመን ነው። አይኔን ጨፍኜ ማሽተቴን ቀጠልኩ። አያሌው ወጥቶ አየኝና በሩን ራሱ ዘጋው። ምን እያሰብኩ እንደሆነ ለመጠየቅ አልደከመም፤ ያውቀዋል።

ያኔ አሥራ ዘጠኝ ዓመቴ ነበር። ደሴ ተወልጄ ያደግሁ፣ ብርድ እንጂ ሙቀት የማላውቅ ልጅ፣ የስልክ ኦፕሬተርነት ኮርሴን እንደጨረስኩ ወደ ቆቦ ተመደብኩ። እናቴ ወባ ሊበላኝ ነው ብላ ሦስት ቀን አለቀሰች። በሎንቺና ስንሄድ ሹራብ ደርቤ ነበር። ወልድያን አልፈን ጎብዬ ስንደርስ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሮቢት ላይ ሻሼን ፈታሁ፤ ቆቦ ስወርድ የቀረኝ እፍረቴ ብቻ ነበር። ከተማው ያን ጊዜ አንድ አውራ መንገድና በግራ በቀኙ የተደረደሩ ቤቶች ነው። በኒም ዛፎቹ ጥላ ሥር ግመሎች ተንበርክከው ያመነዥካሉ። የሕፃን ራስ የሚያክል ፓፓያ በአሥር ሳንቲም ይሸጣል፤ በስሙኒ የምትገዢው ሎሚ እንሥራ ይሞላል። ከገጠር የሚመጡት የራያ ጎረምሶች ጎፈሬያቸው ላይ የእንጨት ሚዶ ሰክተው፣ ዱላቸውን ትከሻቸው ላይ አጋድመው ሲሄዱ መንገዱ ይጠብባቸዋል። የከተማው ወጣቶች ደግሞ አቧራ የሚጠርግ ቤልቦተም ሱሪ ለብሰው፣ ኮሌታቸውን እስከ ትከሻቸው ዘርግተው በሻይ ቤቱ በር ላይ ይቆማሉ። እኔ ጉልበቴ ጋ የሚደርስ ቀሚስ ለብሼ ባለፍኩ ቁጥር የሻይ ቤቱ ሬዲዮ ድምፁ ከፍ ይላል። ይህን የሚያደርገው ማን እንደሆነ እስከ ዛሬ አላወቅሁም።

ስልክ ቤቱ ባለ ሁለት ክፍል የቆርቆሮ ቤት ነበር። በአንደኛው ክፍል እኔ ማዳመጫዬን ጆሮዬ ላይ ደፍቼ፣ ገመዶቹን እየሰካሁና እየነቀልኩ እሠራለሁ። በሌላው ደንበኞች አግዳሚ ላይ ተቀምጠው ወረፋ ይጠብቃሉ። ሰው ሲደውል የሚጮኸው ስልኩን አምኖ ሳይሆን ርቀቱን አስቦ ነው፤ አዲስ አበባ ያለ ዘመዱን የሚያናግር ሰው ድምፁ ዋጃ ይሰማ ነበር ማለት ይቻላል። ከሰዓት በኋላ ሙቀቱ በርትቶ ሥራ ሲቀዘቅዝ የወልድያው ኦፕሬተር ሬዲዮውን ወደ መናገሪያው አስጠግቶ ዘፈን ያሰማኝ ነበር። አንድም ቀን በመልክ ሳንተያይ፣ በዚያ በቀጭን ሽቦ የስንቱን ዘፋኝ ድምፅ አብረን ሰማን።

ፓይለት ሰይድንም መጀመሪያ ያወቅሁት በድምፁ ነው። ሰይድ ከቆቦ ልጆች አውሮፕላን ለማብረር የመጀመሪያው ነበር። ከእሱ በፊት በእኛ አገር አውሮፕላን ማለት ከታች ሆነሽ የምታዪው ነገር ነው። እሱ ግን የጎሊናን ወንዝ እየተሻገረ ተምሮ፣ ተፈትኖ፣ ሄዶ ሄዶ የአንበጣ መድኃኒት የምትረጭ አንዲት ቢጫ አውሮፕላን ተረከበ። እናቱ ወይዘሮ ዘምዘም በጎሊና ዳር ፓፓያ እያለሙ ገበያ ላይ የሚሸጡ፣ ቀጭንና ረጅም ሴት ነበሩ። ሰይድ በሳምንት አንድ ቀን፣ በገበያ ቀን ረፋድ ላይ፣ ከኮምቦልቻ ይደውላል። የስልክ ቤቱ ዘበኛ ጋሽ ይመር ሮጦ ይጠራቸዋል። እሳቸው ይገቡና መናገሪያውን እንደ ሕፃን በሁለት እጃቸው ይይዙታል።

"ሰይድዬ! ዛሬስ በርረሃል?" ይላሉ።

"በርሬያለሁ እማ።"

"ዝቅ ብለህ ነው አይደል? ከፍ አትበል ብዬሃለሁ እኮ!"

እኔ ሳቄን ለመደበቅ ማዳመጫዬን አውልቄ ወደ ግድግዳው እዞራለሁ። አውሮፕላን ዝቅ ሲል እንጂ ከፍ ሲል አደጋ እንደሌለው ሊያስረዳቸው ብዙ ሞክሯል፤ አልተቀበሉትም።

በመልክ ያየሁት ሦስት ጊዜ ብቻ ነው። ለርጭት ሲመጣ ከከተማው በስተምሥራቅ ባለው ሜዳ ላይ ያርፋል፤ ከብቶቹ ከሜዳው ይባረሩና ከተማው እንዳለ ይወጣል። ካኪ ሱሪ፣ ነጭ ሸሚዝ፣ ፀሐይ ያጠቆረው ፊት። አንድ ቀን ወደ ስልክ ቤቱ ብቅ አለና "ሦስት ደቂቃዎ አልቋል የምትለዋ አንቺ ነሽ?" አለኝ። "ነኝ" አልኩት አፍሬ። "እኔ ደግሞ አሮጊት ትመስይኝ ነበር" ብሎ ሳቀ። ሰዎች ወድጄው እንደነበር ያወራሉ። አልዋሽም፣ ያን ቀን መስታወት ፊት ብዙ ቆሜያለሁ። ግን ዕድሜዬን ሙሉ ሰይድን እንድፈልግ ያደረገኝ እሱ አይደለም።

ያን ዓመት አንበጣው ከምሥራቅ ተነሥቶ መጣ። ማሽላው ሊያሸት ሲል ሰማዩ ቡናማ ሆነ። ሰው ጣሳና በርሜል እየደበደበ ከእርሻ እርሻ ይሮጣል። በገበያው ቀን ረፋድ ላይ ሰይድ ከኮምቦልቻ ደወለ። ጋሽ ይመር እናቱን ሊጠራ ሄደ፤ ገበያው ግን በአንበጣው ምክንያት ተተረማምሶ ስለነበር ቶሎ ሊያገኛቸው አልቻለም። ሰይድ መስመሩ ላይ ሆኖ ይጠብቃል፤ ሰዓቱ ይቆጥራል። "ዛሬ በቆቦ ላይ ነው የማልፈው። ወደ ዞብል ተሻግሬ መንጋው ከየት እንደሚነሣ አይቼ እመለሳለሁ። ቀና ብላ ትየኝ፣ ክንፌን አነቃንቅላታለሁ" አለኝ። ሦስት ደቂቃው ሞላ። አለቆች መስመሩን ለአንበጣው ጉዳይ ይፈልጉታል፣ ወልድያ ይጮኽብኛል።

"ሦስት ደቂቃዎ አልቋል" አልኩት።

"አንዲት ደቂቃ ጨምሪልኝ እህቴ። አሁን ትደርሳለች።"

"አልችልም፤ ወረፋ አለ" አልኩና ገመዱን ነቀልኩት።

ገመዱ ገና እጄ ላይ እንዳለ ወይዘሮ ዘምዘም እያለከለኩ ገቡ። ሻሻቸው ወደ ኋላ ተንሸራቷል። ፊታቸውን ሳይ እውነቱን መናገር አቃተኝ። "መስመሩ ተበላሸ እማማ" አልኳቸው። "አብሽሪ ልጄ፣ የሚመጣው ሳምንት ይደውል የለ" አሉኝ። የነገረኝን ነገርኳቸው። እኩለ ቀን ሲሆን ቢጫዋ አውሮፕላን ከገበያው በላይ መጣች፤ ክንፏን አንዴ ወደ ግራ አንዴ ወደ ቀኝ አዘነበለች። ወይዘሮ ዘምዘም መሬት ላይ በተደረደረው ፓፓያ መሀል ቆመው መዳፋቸውን ግንባራቸው ላይ ጋርደው አዩዋት። አውሮፕላኗ የሆርማትን ሜዳ አቋርጣ፣ የዞብልን ተራራ ተሻግራ ሄደች። ከዚያ በኋላ ያያት የቆቦ ሰው የለም።

ፍለጋው ሁለት ሳምንት ቆየ። ከሌላ አገር የመጣ አውሮፕላን በተራሮቹ ላይ ሲዞር ሰነበተ፤ ፖሊሶች በእግር ወጡ፤ ወደ አፋር የሚወርዱ ነጋዴዎች ወሬ እንዲጠይቁ ተነገራቸው። ወሬው ሁሉ በእኔ እጅ ያልፋል። በዕረፍት ቀኔ ቤት መቀመጥ ስላልቻልኩ ወደ ዞብል ሥር ፖሊሶችን የሚያመላልሰውን የእርሻ መሥሪያ ቤቱን ላንድሮቨር ሾፌር "ይዘኸኝ ሂድ" አልኩት። የፊቱን ወንበር በእጁ መታ መታ አድርጎ አቧራውን አራገፈልኝ። አያሌው ይባላል። መንገዱን ሙሉ አለቀስኩ፤ አንድም ቃል አልተናገረኝም። ሲመልሰኝ ብቻ "በሚመጣው ሳምንትም እሄዳለሁ" አለኝ።

"ፍለጋው ይቁም" የሚለውን ትእዛዝ ለቆቦ የተቀበልኩት እኔ ነኝ። ወይዘሮ ዘምዘም በየቀኑ እየመጡ አግዳሚው ላይ ይቀመጡ ስለነበር መልእክቱን በወረቀት ጽፌ ለፖሊስ ጣቢያው ከላክሁ በኋላ ወጥቼ አጠገባቸው ተቀመጥኩ። መጀመሪያ ትእዛዙን ነገርኳቸው። ቀጥዬ ሌላውን ነገርኳቸው፤ መስመሩ እንዳልተበላሸ፣ አንዲት ደቂቃ እንደለመነኝ፣ ገመዱን የነቀልኩት እኔ እንደሆንኩ። ይረግሙኛል ብዬ ጠበቅሁ። እጄን ያዙ።

"ድምፁን ብሰማው አደጋው ይቀርልኝ ነበር?" አሉኝ።

"አላውቅም እማማ።"

"አይቀርም። የአላህ ነገር ነው። ክንፉን ሲያነቃንቅልኝ አይቼዋለሁ፤ ይበቃኛል።" "አንቺ ግን ስልክሽ ሩቅ አገር ይሰማል" አሉ። "በሕይወት አለ ወይ ብለሽ አትጠይቂልኝ፤ እኔ እናቱ ነኝ፣ አውቀዋለሁ። የቀበረው ሰው አለ ወይ? ዱዓ ያደረገለት አለ ወይ? እሱን ብቻ ጠይቂልኝ። ልጄ ሜዳ ላይ ቀርቶ ይሆን ብዬ ነው እንቅልፍ የማይወስደኝ።"

እሺ አልኳቸው። አሥራ ዘጠኝ ዓመት የሆናት ልጅ እሺ ስትል ቃሉ ምን ያህል እንደሚረዝም አታውቅም።

በሁለተኛው ዓመት አያሌውን አገባሁት። ኀዘን ላይ የነበሩት ወይዘሮ ዘምዘም ሠርጋችን ላይ ሁለት ትልልቅ ፓፓያ ይዘው መጥተው ከእናቴ አጠገብ ተቀመጡ። ከዚያ በኋላ በየዓመቱ፣ የእኔና የአያሌው ዕረፍት ሲገጥም፣ ሌላው ዘመድ ጥየቃ ሲሄድ እኛ ሰይድን ፍለጋ እንሄዳለን። ዋጃ ያለ አንድ ግመል ነጋዴ "ፓይለቱ አፋር ውስጥ ሚስት አግብቶ ይኖራል" አለ ሲሉን ዋጃ ሄድን፤ ሰውዬው የሰማው ከሌላ፣ ሌላውም ከሌላ ነበር። ዞብል ገበያ ላይ አንድ ሰው የአውሮፕላን ክንፍ አለኝ ብሎ የግማሽ ቀን መንገድ በእግር ወሰደን፤ ክንፉ የወደቀ የጭነት መኪና በር ሆኖ ተገኘ። አያሌው በሩን ዙሪያውን መረመረና "ፊያት ነው" አለ። ተመልሰን እስክንደርስ ሳቅን። ልጆች ወለድን፤ ልጆቹም ለጓደኞቻቸው "አባታችን እናታችንን ሌላ ሰው ፍለጋ ይነዳታል" እያሉ ያወሩ ነበር። አያሌው ይህን ሲሰማ "ቤንዚኑ የመንግሥት አይደለ እንዴ፣ ምን አገባችሁ" ይላል። አልነበረም፤ ከደሞዙ ነበር።

መንግሥት ተለወጠ፤ መንገድ ተዘጋ፣ ተከፈተ፣ ደግሞ ተዘጋ። ድርቅ መጣ፤ የአፋር ከብት አርቢዎች ከነበሩበት ተነሥተው ሌላ ቦታ ሰፈሩ። እነዚያ ገመዶቼ ተነቃቅለው መጋዘን ገቡ፤ ቁጥር በጣት የሚጫን ስልክ መጣ፤ ቀጥሎ ደግሞ ሰው ሁሉ ስልኩን ኪሱ ከተተው። እኔም ጡረታ ወጣሁ። ሰማዩም ተለወጠ። ያኔ የሞተር ድምፅ ከላይ ሲሰማ ከቤት ወጥተን እንሮጥ ነበር፤ በቅርቡ ባሳለፍናቸው የጦርነት ዓመታት ደግሞ ያው ድምፅ ሲሰማ ወደ ቤት ሮጠን እንገባ ነበር። ወይዘሮ ዘምዘም ይህን ሳያዩ ነው የሞቱት። በመጨረሻ አይናቸው ፈዝዞ፣ በድምፄ ብቻ እያወቁኝ፣ ልጠይቃቸው በሄድኩ ቁጥር "ሒሩትዬ፣ ምን አሉሽ?" ይሉኝ ነበር። "እስካሁን ምንም የለም እማማ" እላቸዋለሁ። "አብሽሪ" ይሉኛል። በጠና ታመው ሳሉ ተቀብሯል ብዬ ልዋሻቸው አስቤ ነበር። አፌ እሺ አላለኝም፤ አንድ ጊዜ ዋሽቻቸዋለሁና።

ዘንድሮ ክረምቱ ከወጣ በኋላ አይኔን ለመታየት ቆቦ ጤና ጣቢያ ወረፋ ይዤ ተቀመጥኩ። አጠገቤ በዕድሜ የምትቀርበኝ አንዲት የአፋር ሴት ከልጇ ጋር ተቀምጣለች፤ አሲያ ነው ስሟ። ከቆላ የመጣ ሰው ሳገኝ የምጠይቀው ጥያቄ ልማድ ሆኖብኛል፤ አፌ ራሱ ይጀምረዋል። "የዛሬ ስንት ዓመት፣ የአንበጣ ጊዜ፣ በእናንተ በኩል የወደቀ አውሮፕላን ሰምተሽ ታውቂያለሽ?" አልኳት። ሌላው ሰው ይስቃል፣ ወይም "ልጠይቅልሽ" ይለኛል። እሷ ግን በፈዘዙ አይኖቿ ወደ እኔ ዞረች።

"ቢጫው?" አለችኝ።

ቀለሙን አልነገርኳትም።

"ልጅ ነበርኩ" አለች። "ፍየል ጠባቂ። አንበጣው ውስጥ ገባ። ድምፁ ሳል ሳለ፤ ከዚያ ዝም አለ። ጢስ አየን። አባቴና አጎቴ ሮጡ። ሰውዬው ሞቷል። ኪሱ ውስጥ መቁጠሪያ አገኙ። አባቴ 'ይህ ወንድማችን ነው' አለ። ያለን ውኃ ለግመሎቹ ነበር፤ በሱ አጠቡት። ሰገዱበት። ድንጋይ ከመሩለት።"

"ለምን አልተናገሩም?" አልኳት። ድምፄ ከፍ ብሎ ሰዉ ሁሉ ዞረ።

"ፈሩ" አለች በቀላሉ። "እናንተ ናችሁ የጣላችሁት እንዳንባል ፈሩ። ከዚያ ድርቁ መጣ። ሄድን። አባቴ ግን እስኪሞት ድረስ በየዒዱ በዱዓው ያነሣው ነበር። ስሙን አያውቅም፤ 'እንግዳው' እያለ ነበር የሚጠራው።"

ስሜ ሲጠራ አልሰማሁም። አይኔንም ሳልታይ ወደ ጎብዬ ሄድኩ፤ የሰይድ እህት ከድጃ እዚያ ሻይ ቤት አላት። አሲያ ያለችውን ከነቃሉ ነገርኳት። ከድጃ የያዘችውን ብርጭቆ ቀስ አድርጋ አስቀመጠች። "መቁጠሪያውን እማ ናት የሰጠችው" አለች። "ከፍ እንዳይል የሚጠብቀው መስሏት።" ከዚያ ሁለታችንም አለቀስን፤ ሻይ ሊጠጣ የገባው ሰው ሁሉ መርዶ የመጣ መስሎት ተነሥቶ ቆመ። መርዶም ነበር፤ ዘግይቶ የደረሰ።

በሳምንቱ ሄድን። አያሌው ሰባ ስምንት ዓመቱ ነው፤ ልጆቹ ሾፌር እንቅጠርላችሁ ቢሉት ተቆጣ። አንድ ፒክአፕ ተከራይቶ ራሱ ነዳ። ከድጃ፣ አሲያና መንገዱን የሚያውቀው ወንድሟ አብረውን ነበሩ። ሆርማትን አቋርጠን፣ ዞብልን ወጥተን፣ በወዲያኛው በኩል ቁልቁል ወረድን። መኪና የማይገባበት ቦታ ስንደርስ የአሲያ ወንድም ከዘመዶቹ ግመል አምጥቶ እኔንና ከድጃን አፈናጠጠን። አያሌው ዱላውን ይዞ በእግሩ ተከተለን። ሙቀቱ ድንጋዩን ያፈላዋል። ከአንድ ሰዓት ያህል በኋላ አሲያ ከፊት ቆመች። አንድ የግራር ዛፍ፣ ከሥሩ ረዘም ብሎ የተከመረ ድንጋይ፤ በራስጌውና በግርጌው አንዳንድ የቆመ ድንጋይ። ዙሪያው ተጠርጓል፤ አንድም እሾህ አልወደቀበትም። የአሲያ ወንድም በዚያ ባለፈ ቁጥር ይጠርገው ነበር፤ አባቱ አዞት።

ከድጃ ጫማዋን አውልቃ ተቀመጠችና እጆቿን ዘርግታ ዱዓ አደረገች። አሲያና ወንድሟ "አሚን" ይላሉ። እኔ አማትቤ ቆምኩ። ከድጃ ስትጨርስ ፊቷን ወደመጣንበት፣ ወደ ቆቦ መለሰችና ጮክ ብላ "እማ! ሰው ቀብሮታል! በደንብ ቀብሮታል እማ!" አለች። እኔ ልናገር ያሰብኩት ብዙ ነበር፤ አልተናገርኩትም። ጎንበስ ብዬ አንዲት ጠጠር አነሣሁና ከድንጋዮቹ ላይ ጨመርኩ። ለአሲያም ስሙን ነገርኳት፤ ሰይድ ይባላል አልኳት። እሷም ለወንድሟ በአፋርኛ ነገረችው፤ እሱም ደጋግሞ "ሰይድ፣ ሰይድ" አለ፤ እንዳይረሳው ይመስለኛል።

ስንመለስ አሲያንና ወንድሟን ዞብል ላይ አወረድናቸው፤ ከድጃ ከኋላ ወንበር እንቅልፍ ወስዷታል። ፀሐይ ከፊታችን በደጋው ተራሮች ጀርባ ልትገባ ነው፤ የሆርማት ማሽላ ቀላ ብሏል። አያሌውን ከጎን አየሁት። ያን ሁሉ ዓመት፣ ያን ሁሉ አቧራና ቁልቁለት፣ ለምን እንደሚነዳኝ አንድ ቀን ጠይቄው አላውቅም ነበር።

"አያሌው" አልኩት፣ "አልሰለቸህም ነበር?"

"ልንገርሽ?" አለኝ። "መጀመሪያ አካባቢ ሰውዬው ከተገኘ ሥራሽን ጨርሰሽ ደሴ ትመለሻለሽ ብዬ እፈራ ነበር። ስለዚህ ቀስ ብዬ ነበር የምነዳው።"

"ከተጋባን በኋላስ?"

"ከተጋባንም በኋላ።"

ሳቅ መጣብኝ፤ ከሳቁ ጋር እንባውም መጣ። "አሁንስ፣ ይኸው ተገኘ እኮ" አልኩት።

"አሁንማ ጉልበትሽ አልቋል" አለኝ መንገዱን እያየ፣ "የት ትደርሻለሽ?" ብሎ ነዳጁን ረገጥ አደረገው።